የማይራገፈው አጎዛ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... አንዲት ነርስ የግቢዬን በር አንኳኳች። በሐይቅ ዳሩ በባህል አዳራሽ ሰፈር ፊደል ያስቆጠርሁት ሁሉ «የኔታ» ይለኛልና፣ እርሷም ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ በዚሁ ስም ጠራችኝ።

ከጤና ጣቢያ ለጥናት መምጣቷን ነገረችኝ፤ ስለ ሳል፣ ስለ ማስነጠስና ስለ ትንፋሽ ማጠር ወላጅን ለብቻ፣ ልጅን ለብቻ ጠይቀው መልሱን ያስተያያሉ አሉ።

«ከንቱ ድካም ነው» አልኋት። «በዚህ ቤት አባት ከተናገረ ልጅ የምትጨምረው የለም።»

«እሱን ነው የምናየው፣ የኔታ» አለችና ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አልወደድሁትም።

በመጀመሪያ እኔን ጠየቀች። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጄ ቤዛ ታስላለች? አታስልም። ታስነጥሳለች? በፍጹም። ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል?

«እኅቴ፣ ይህ ሥርዓት ያለው ቤት ነው!» ንጋት ላይ ዳዊት ስደግም ቤዛ ከጎኔ ቆማ፣ አንዲት ድምፅ ሳታሰማ እንደምታስፈጽም በኩራት አስረዳኋት።

ቀጥሎ ቤዛን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ትጠይቃት ጀመር። እኔ ሳሎን ነበርሁ። ለመስማት አልተጠጋሁም፤ መስኮቱ ክፍት ነበር... ጆሮ ደግሞ ክዳን አልተሠራለትም።

«ያስልሻል?»

«ኧረ በጣም! ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብስብኛል። አባባ አጎዛው ላይ ሲያቆሙኝ ደረቴ ሲር ሲር ይላል፣ አፍንጫዬን ይበላኛል...»

«ታዲያ ሳሉን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ነጠላዬን እጎርሳለሁ።»

«አልነገርሻቸውም?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ጾር ነው አሉኝ። ሰይጣን ጸሎት ሊያስጥልሽ ነውና ታገዪ አሉኝ። ይኸው እየታገልኩ ነዋ!»

«እኛ መጠይቅ ላይ ግን ጾር የሚል ምርጫ የለም» አለች ነርሷ። ሁለቱም ሳቁ።

በገዛ በረንዳዬ፣ በእኔ ላይ ተሣቀ! አጎዛውን ከወለሉ አንሥቼ ወጣሁ።

«ይህ መምህሬ ሲያርፉ ያወረሱኝ የበግ ቆዳ ነው! ልጄን የሚያሳምማት ይህ ነው?»

«መቼ ነው የተራገፈው?»

«አይራገፍም! በረከቱ ይበተናል።»

ነርሷ በአንዲት ጣቷ ብቻ መታ አደረገችው። በፀሐዩ ብርሃን ውስጥ... የመምህሬ ዘመን ሁሉ ብን ብሎ ተነሣ።

ቤዛ አንድ ጊዜ ሳለች። ደገመች። ወዲያው ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ወተፈች። ዐይኗ ፈጠጠ፤ የአንገቷ ሥር በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። እንዲያም ሆኖ የምታየው እኔን ነበር... «ጭምት ልጅ አለችኝ» እያልሁ የምመካበት ዝምታ ለካስ ይህ ኖሯል።

«አውጪው!» ብዬ ጮኽሁ። «ነጠላውን አውጪው፣ ልጄ! ሳሉ ይውጣልሽ!»

ሳሉም ወጣ። ነርሷ ደግፋ አስቀመጠቻትና ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እኔ ግን ለሁለቱም ተግሣጽ ልሰጥ አፌን ስከፍት... አስነጠሰኝ። ደግሞ አስነጠሰኝ።

«የኔታ፣ ይሄም ጾር ነው?» አለች ነርሷ።

አልመለስሁላትም። ማስነጠሴን አልጨረስሁም ነበርና።

ያንኑ ዕለት ቤዛን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ሐኪሙ «ምን ይሰማታል?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋሁት።

«እርሷን ጠይቃት» አልሁት።

ፓፍ የሚሉትን፣ ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት ሰጥቷት ተመለስን። አሁን በዳዊቱ መካከል ካሳላት ትስላለች፤ እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ።

አጎዛውንስ? በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ አጥር ላይ ሰቅዬ በዱላ ወገርሁት። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ተቀብሎ ወደ ፕሮቴስታንቱ ጎረቤቴ ግቢ አሻገረው። ሰውየው እስከ ምሳ ሰዓት ሲያስነጥሱ፣ እኔም በአጥሩ ላይ «ይማርዎ!» ስል አረፈድን።

በረከቱስ በእርግጥ ተበትኗል... ነገር ግን ሃይማኖት ሳይለይ ደርሷል።