የቡሬ በርበሬ በአሮጌው ወደብ

ወደብ ሲባል እኔ የማውቀው ጣና ላይ ታንኳ የሚታሰርበትን ነው። ይኸኛው ሌላ ነው። ቀይ ባሕር በጠባብ አፍ ወደ የብስ ገብቶ እንደ ሐይቅ ተኝቷል፤ አፉ ላይ ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው የጠፋ የድንጋይ ወደብ አለ። ዛሬም የእንጨት ጀልባዎች ፍየልና ሽንኩርት ይጭኑበታል። እኔ ይዤ የወረድኩት በርበሬ ነው፤ የአማቴን የዓመት ምርት፣ አንድ ጆንያ ሳይቀር። አገር ቤት፣ ቡሬ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ገበያው ስለሞተ፣ "የመን ይሻላል" ብዬ ያግባባኋቸው እኔው ነኝ።

በርበሬዬን የሚያሻግረው ጀልባ ባለቤት አሰብ ላይ በወዛደርነት አማርኛ የለመዱ ሽማግሌ ናቸው።

"አባቴ፣ መቼ ነው የምንጭነው?"

"ጨረቃ ስትሞላ። ያኔ ውሃው ሲሞላ ከሌላው ቀን ከፍ ይላል። አሁን ከባድ ጭነት ይዤ ብወጣ አፉ ላይ አሸዋ ይይዘኛል።"

"ባሕርም እንደ ወንዝ ይጎድላል እንዴ?"

"የእናንተ በዓመት አንዴ፣ የኛ በቀን ሁለቴ። የደጋ ሰው፣ ይልቅ ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ቀን ላቤም ልብሴም አልደርቅ አለ።

ጨረቃዋ ስትሞላ የየመኑ ገዢ ወኪል መጥቶ አንድ ጆንያ ፈታ። እጁን ከተተና ቶሎ አወጣው። በርበሬው ነጭ ሻጋታ ለብሷል። ሌላ ፈታ፣ ሌላም ፈታ፤ ያው ነው።

ሽማግሌው አሸተቱት። "ዝናብ አግኝቶታል?"

ዝናብስ አላገኘውም። እኛ ዘንድ በርበሬ ጆንያ ከመግባቱ በፊት ውሃ ይረጭበታል። ለምን ሲሉን "እንዳይሰባበር" እንላለን፤ ሚዛን ላይ ከፍ ማለቱን አንከፋበትም። አገራችን በሁለት ቀን ይደርቃል። እዚህ ግን አየሩ ራሱ ውሃ ነው።

"ትንሽ ረጭቼበታለሁ" አልኳቸው።

"ባሕር ድረስ መጥተህ ውሃ ልትሸጥ?"

ወኪሉ ሄደ። የወደቡ ዘበኛ የበሰበሰ ነገር እዚህ አያድርም ስላለ ወዛደሮቹ ጆንያውን እየገለበጡ ውሃው ዳር ዘረገፉት። ባሕሩ እየሞላ ነበርና ቀዩን ሁሉ ወደ ውስጥ ይዞት ገባ። ጀልባዋ ሽንኩርት ጭና ወጣች።

በማግስቱ አማቴ ደወሉ።

"በርበሬው ባሕር ገባ?"

"ገባ፣ አባ።"

ቃሉ ውሸት የለበትም።

"አልሐምዱሊላህ! እኔም አንተን አምኜ ለቀለብ የምንዘራባትን የበቆሎ ማሳ ጭምር ለበርበሬ አሳርሻታለሁ።"

ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ አልደወልኩም።