ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ያስፈልጋል ወይ ለሚሉኝ

በፈረንጅ 2009 ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ በገባሁ በመንፈቄ ፎረስት ሎን ሰፈር፣ አሥራ ሰባተኛ አቬኑ ላይ፣ አሮጌ ኮምፒውተር የሚጠግን ሱቅ ውስጥ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ታን የሚባል ቬትናማዊ ነው። አገር ቤት ፍሪጅ እጠግን ስለነበር ካቻቢቴ አያያዝ አይጠፋኝም። ማንበብ ላይ ግን ደካማ ነኝ፣ ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውማ አይነሳ።

የመጀመሪያ ቀን ታን ካቻቢቴና ብሩሽ ሰጠኝ። ቢሮዎች የጣሏቸው ዴስክቶፖች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። መክፈት፣ አቧራውን ማውጣት፣ የተበላሸውን እቃ መቀየር፣ መልሶ መግጠም፤ ሥራው ይኸው ነው። ሶፍትዌሩን እሱ ይጭናል።

"ይሄን ሁሉ ማን ሊገዛው ነው?" አልኩት፣ በእጅም በአፍም።

"ሁሉም ሰው! እዚህ አገር ኮምፒውተር የሌለው ቤት ሥራ የለውም" አለኝ።

አመንኩት። ለሰውም ያንኑ ስናገር ኖርኩ። እውነትም ነበር። የኛ ሰው እንደመጣ አልጋና ሶፋ ይገዛል፣ ቀጥሎ ቀድመው የመጡት ወደኔ ይልኩታል። ተሸክሜ ወስጄ ሳሎን ላይ እተክልለታለሁ፣ እሱም ሥራ ያመለክትበታል።

ታን ጡረታ ሲወጣ የተረፉትን ኮምፒውተሮች ይዤ ፔንብሩክ ሜዶውስ ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ቀጠልኩ። ነገሩ የተምታታብኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ደዋይ ቀነሰ። ልጄ ሜሮን "አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ዴስክቶፕ ማን ይገዛል? ሁሉም ነገር ፎን ላይ ነው" ትለኛለች። ይህን የምትለኝ ኪችን ጠረጴዛዋ ላይ ላፕቶፕ ዘርግታ እየሠራች ነው።

"ይሄስ ምንድነው?" እላታለሁ።

"እሱ የኔ አይደለም፣ የካምፓኒው ነው።"

የማንም ይሁን፣ ቤቷ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር አይደለም ወይ? ስጠይቃት ትስቅብኛለች።

በዚህ መሀል ትርሲት ደወለች። ፓይንሪጅ የምትኖር ልጅ ናት። እቤቷ ሆና የሆቴል ቦታ ለሚይዙ ሰዎች ስልክ የምትመልስበት ሥራ አግኝታ ነበር። ካምፓኒው "የራስሽ ኮምፒውተር ሊኖርሽ ይገባል" ስላላት ከኔ ገዛች። ገና የሙከራ ጊዜዋ ላይ ናት።

"ጋሼ በላቸው፣ ደንበኛ እያናገርኩ ድርግም ይልብኛል። ማኔጀሯ ሰኞ ጥሪዎቼን ልታዳምጥ ነው። አንዴ ቢጠፋ አለቀልኝ። ወደ ጽዳቱ ሥራ ከተመለስኩ ወገቤ አይችልም፤ ያውቁት የለ?"

አውቃለሁ። በዚያ ወገብ ምክንያት ነው ጽዳቱን የተወችው።

ጋራዥ ወስጄ ፈታሁት። የሚያቀዘቅዘው ፋን ይዞራል። ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩት። ቀኑን ሙሉ ከፍቼ አዋልኩት፣ አንዴም አልጠፋም። መልሼ ወሰድኩላት። በማግስቱ ጠፋ።

እንደገና አመጣሁት፤ እኔ ጋር እንደገና ደህና ሆነ። ወንድሟ "ይሄን ቆርቆሮ ጣዪው፣ ታብሌት ግዢ" አላት። ሜሮን "ኢንተርኔቱ ይሆናል" አለች። ኢንተርኔት ኮምፒውተር ያጠፋል እንዴ? ግራ ገባኝ። ግን ግትር ነኝ፤ የሸጥኩትን እቃ ምን እንደነካው ሳላውቅ አልጥልም።

ዓርብ ጠዋት ሄጄ ሶፋዋ ላይ ተቀመጥኩ። "ሥሪ፣ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ" አልኳት። ማዳመጫዋን አድርጋ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። የኮምፒውተሩ ሳጥን ከጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ነው። እናቷ እትዬ ዘነበች፣ ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት ነች። ትርሲት ሥራ ላይ ናት ብሎ የሚመለስ የኛ ሰው የለም፤ ሰው እቤቱ ካለ አለ ነው። እትዬ ዘነበች ብድግ አሉ። ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ከሶፋው ሥር ሰፊ ነጭ ዳንቴል አወጡ፣ ሳጥኑን አለበሱት፣ ከኋላም ከጎንም ጥቅጥቅ አድርገው ሸጎጡት። በሩን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዳዋ ተጫውታ ሄደች። ዳንቴሉ ግን እዚያው ቀረ። እጄን ስሰድበት ሳጥኑ ምጣድ ሆኗል። ገፍፌ አነሳሁት።

"ምነው አቶ በላቸው!" አሉ እትዬ ዘነበች። "የእጄ ሥራ ነው እኮ።"

"እትዬ፣ ይሄ ነገር አየር ይፈልጋል። ሲታፈን ራሱን ያጠፋል።"

"አየር? ሳጥን?"

"አዎ፣ ሳጥን።"

"የኔ ቴሌቪዥን ዕድሜውን ሙሉ ለብሶ ኖረ፣ አንድ ቀን ታፈንኩ አላለም። እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ይቀመጥ? ልጄ የምትበላበት እቃ አይደለም? የሰው ዓይንስ?"

ትርሲት ጥሪዋን ጨርሳ ዞረች። ዳንቴሉን እጄ ላይ አየችው። "እማዬ! አንቺ ነሽ?"

እትዬ ዘነበች ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እኔ እንዲያምርልሽ ነው እንጂ..." አሉ። ትርሲት ልትቆጣ ነበር፣ አልቻለችም። ሄዳ አቀፈቻቸው። ሌላ ጥሪ ሲገባ ሮጣ ተመለሰች።

ሰኞ ማኔጀሯ አዳመጠች። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ትርሲት ሙከራውን አለፈች።

አሁን ነገሩን የባሰ ያምታታብኝን ልንገራችሁ። ትንሽ ቆይቶ ትርሲት ጠራችኝ። ካምፓኒው ሙከራ ላለፉት ላፕቶፕ በፖስታ ልኳል። ከእንግዲህ በግል ኮምፒውተር መሥራት ክልክል ነው ተብላለች።

"ታዲያ መጀመሪያ ለምን አስገዙሽ?" አልኳት።

"እኔ እንጃ ጋሼ። እሱ ባይኖረኝ ግን አይቀጥሩኝም ነበር።"

የኔ ሳጥን ተነቅሎ ጥግ ይዟል። እትዬ ዘነበች ዳንቴሉን ይዘው መጡ።

"አሁንስ ይልበስ?"

"አሁን ይልበስ" አልኳቸው።

እቤቴ ገብቼ ሳስበው አመሸሁ። ታን ያስፈልጋል አለ። ልጄ አያስፈልግም አለች። ትርሲት እንጀራዋን ያገኘችው ባስፈለጋት ጊዜ ስለነበራት ነው፣ ካገኘች በኋላ ደግሞ አላስፈለጋትም። ማን ልክ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ያስፈልጋል፣ አያስፈልግም የሚለው ሻጩም ጎረቤቱም አይደለም። ቀጣሪው ነው። እቃ ከመግዛት በፊት እሱን መጠየቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ልጅ ደወለልኝ። በመኪናው ምግብ ማድረስ ሊጀምር ነው፣ ኮምፒውተር ግዛ ብለውታል።

"ማን ነው ያለህ?"

"ሰዎች።"

"ቀጣሪዎችህስ?"

"እነሱ ስልክህ ላይ አፕ ጫን ነው ያሉኝ።"

"እንግዲያው ስልክህ ይበቃሃል፣ አልሸጥልህም" አልኩትና ዘጋሁ።