ክትባቱን በቀንድ ያወጣው ጓንጉል

ጓንጉል በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ፣ በሐበሾች ሰፈር የሚታወቀው በዋግምቱና በጥርጣሬው ነው። ዋግምቱን ከአባቱ ወረሰ፤ ጥርጣሬውን ግን ራሱ ለፍቶ ያፈራው ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ገና ልጅ ሳለ ከአርማጭሆ ወርዶ ድንበር ሲሻገር፣ “ወደ እናትህ ነው የምንወስድህ” ብለው ደላሎች ሎሪ ላይ ጫኑት። ሎሪው ሀዋታ የሚባል ቦታ፣ ሰሊጥ ማሳ ላይ ለጉልበት ሥራ አራገፈው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ከተማ ዶካ የሚሄደውን አውቶቡስ እንኳ ጎማውን በእግሩ መትቶ ሳያይ አይሳፈርም። ሲስቁበት “ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር” ይላቸዋል።

የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሰፈሩ በደረሰ ጊዜም ጠረጠረ። የሱዳንን ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ከተማውን አጥለቅልቆ ውሃ እንኳ በጀሪካን ይሸጣል።

“ውሃ በሚሸጥበት አገር መርፌ በነጻ! ምን አስበውልን ነው?” አለ።

ልጁ ማኅደር አልሰማችውም፤ ትንሿን ልጇን ብፅአትን ወስዳ አስከተበች። ማታ የልጅቷ ክንድ ሞቅ አለ፤ ትነጫነጭም ጀመር። የክትባት ወግ ነው፣ ለጓንጉል ግን ማስረጃ ሆነ። በማግስቱ ማኅደር ሥራ ስትሄድ ጠብቆ መርፌው የገባበትን በምላጭ በጣ አደረገና ቀንዱን ደፍቶ መጠጠ። ጥቁር ደም ወጣ። “ይኸው መርዙ!” አለ። የዋግምት ደም መቼ ቀልቶ ያውቃል?

ለማኅደር አልነገራትም። ለጎረቤቱ ለአሰጋሽ ግን ነገራት፤ ለአሰጋሽ መንገር ደግሞ ለሰፈሩ መንገር ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ደጁን ሞሉት። ጓንጉል አንዱን ምላጭ በውሃ እያለቀለቀ ሁሉንም አገመ። ለነፍሱ ነበር፤ ምንም አልተቀበለም።

ብዙም ሳይቆይ ክንዶቹ አበጡ። ሰፈርተኛው “መርፌው ነው” እያለ ሐዋድስ ወደሚሉት የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ጎረፈ። የሐበሻ በሽተኛ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ለአንድ ሕፃን አክስት፣ ጎረቤትና የጎረቤት አማት ይከተላል። ብፅአትም በትኩሳት ነደደች። ማኅደር አቅፋት ስትሮጥ ጓንጉል ሐኪሞቹን ሊያፋጥጥ ተዘጋጅቶ ተከተላት።

ባንድ አልጋ ሁለት ሦስት ልጅ ተኝቷል። ሎሪ እግሩን የሰበረው ሰው አልጋ አጥቶ መሬት ላይ ያቃስታል። ወጣቱ ሱዳናዊ ሐኪም ዘመቻው ይቁም እያለ በስልክ ይጮሃል። “አላልኩም?” አለ ጓንጉል፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር።

ፈቲያ የምትባል እዚያው ያደገች ሐበሻ ነርስ የአንዱን ልጅ እጅጌ ሰበሰበች። በመርፌው ቦታ ዙሪያ የቀንድ አፍ የሚያህል ክብ አለ፤ በመሐሉ ወደ ግራ ያዘነበለ የምላጭ ብጥ። ቀጥሎ ያለውም ልጅ እንዲሁ። ጓንጉል የገዛ እጁን ሥራ አላጣውም።

“ይሄ ሂጃማ ነው። ማነው ያገማቸው?” አለች ፈቲያ።

“ኧረ ማንም አልነካቸው! መርፌው ነው” አለች አሰጋሽ። ከእናቶቹ አንዳቸውም ወደ ጓንጉል አላዩም።

“ወላሂ፣ እንዳላችሁት የመርፌ ትኩሳት ብቻ ከሆነ ሽሮፕ ይዛችሁ ወደ ቤት ግቡ። አልጋ የለም” አለችና ፈቲያ ወደ ማኅደር ዞረች። “አንቺም።”

ማኅደር ልጇን አንስታ ልትወጣ ነጠላዋን አጣፋች። የብፅአት አንገት ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል።

“ይህችን አትመልሷት!” አለ ጓንጉል። “ምላጩ የኔ ነው። እሷንም፣ ሁሉንም ያገምኳቸው እኔ ነኝ።”

ፈቲያ ለመቆጣትም ጊዜ አልነበራትም፤ በዐረብኛ ጮኸች፣ ሐኪሙም ስልኩን ጥሎ መጣ። ቁስሉ ደሟን እንዳይመርዘው መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት፤ ግማሽ አልጋም ተገኘላት። ማኅደር ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ወደ ማታ ትኩሳቱ በረድ አለ። ልጅቷ ወተት አማራት ሲሉ ጓንጉል ገበያ ሮጦ ትኩስ ወተት በብርጭቆ ይዞ መጣ። ማኅደር ተቀበለችው። አሸተተችው። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው።

“አባዬ፣ ምን ጨምረህበታል?”

“ወተት ነው ልጄ። ወተት ብቻ።”

ዓይኑን አየችው፤ ብርጭቆውን መልሳ በእጁ አስያዘችው።

“ይቅር፤ ፈቲያ ታመጣልናለች።”