ዶቅማው የማን ነው

በግንቦት ዝናብ የረገፈ የዶቅማ ፍሬ መሬት ላይ ሲብላላ ሽታው እንደ ጠጅ ነው፤ ዛሬም ወደ አፍንጫዬ ሲመጣ ከአባቴ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አጎቴ በቀለ ነው። ይህን በመጻፌ የሚቀየሙ ዘመዶች አሉኝ። ይቀየሙ።

ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለው ጓሯችን፣ ከቡናው በላይ፣ አንድ ትልቅ ዶቅማ ነበረን። በየካቲት ሲያብብ ንብ ይተምበት ነበር፤ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ፍሬውን እየለቀምን ምላሳችን እስኪጠቁር እንበላ ነበር። በእኛ አገር የዛፍ ባለቤት የሚባለው ቀፎ የሰቀለበት ሰው ነበር፤ ማሩም ፍሬውም የእሱ ነው።

አባቴ በክረምት ሞተ። በጋው ሲገባ አጎቴ የአባቴን ቀፎ «አርጅቷል» ብሎ አውርዶ አጥር ሥር ጣለውና እናቴን፣ «እቴ፣ ወንድ ልጅ የለሽ፤ ማን ሊወጣልሽ ነው? አበባው ሲደርስ የእኔን እሰቅላለሁ» አላት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሴት የወጣችበትን ዛፍ ንብ ይሸሸዋል ይባል ነበር። እኔ ግን ጥር ሲያልቅ፣ አጎቴ ገበያ በወረደበት ጠዋት፣ ስንጥቁን ቀፎ በእበት መርጌ፣ ቀሚሴን ታጥቄ ወጣሁና በአባቴ ገመድ ጎትቼ ሰቀልኩት፤ ጉልበቴ ተልጦ ደሙ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወርዶ ነበር።

አበባው ሲፈነዳ አጎቴ አዲስ ቀፎ ተሸክሞ፣ ምስክር እንዲሆኑት አንድ ሽማግሌ አስከትሎ መጣ።

«ማን ሰቀለው?»

«እኔ» አልኩ።

«ሴት! ጉድ ፈላ! ከእንግዲህ ይህን ዛፍ ንብ ዞር ብሎ አያየውም!»

ሽማግሌው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቀና አሉ። ንቡ በአባቴ ቀፎ አፍ ይገባል፣ ይወጣል።

«እንግዲህ በቀለ፣ ወጥተህ ለንቦቹ ንገራቸዋ፤ አልሰሙ ይሆናል» አሉት።

እናቴ ከአባቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አጎቴ ቀፎውን እንደተሸከመ ተመለሰ፤ እስኪሞት ድረስም ሰላም አላለኝም። ሰላምታው አልጎደለብኝም።

ያኔ ጫካ የነበረው ዛሬ የቆርቆሮ ቤትና የባጃጅ መንገድ ሆኗል፤ የእኔም ጉልበት ዛፍ አይወጣም። አሁን ዶቅማውን የምትወጣው የልጄ ልጅ ናት። ግንቦት በመጣ ቁጥር የአጎቴ ልጅ፣ የራሱን ልጆች በባጃጅ ጭኖ ይመጣና ከሥር ቆሞ፣ «እስቲ ትንሽ አራግፊልን» ይላታል። እሷ ከላይ ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«መጀመሪያ ዛፉ የማን እንደሆነ ይናገር» እላለሁ።

እሱ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። ቅርንጫፉ የሚነቃነቀው ከተናገረ በኋላ ነው።