እኔና እናቴ ባህሬንን ስናጠና

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ ኮሎምበስ አማርኛ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ኢሊያስ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ቲቸር፣ ይሄ ነጥብ ቆሻሻ ነው ወይስ ካንትሪ?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። አገር መሆኑን፣ ስሙም ባህሬን መሆኑን ነገርኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ወዲያው ሰሌዳ ላይ መጻፍ እወዳለሁ። ያን ቀን ግን ማርከሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያቺን ነጥብ እኔና እናቴ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ አጥንተናታል።

ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዲቪ ከወሎ መጥተን ገና መንገዱን እንኳ በቅጡ አልለመድንም። እናቴ ከከተማው ዳር፣ ኦቤትስ በሚባል ሰፈር ባለ ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች። ታናሽ እህቷ ሰዓዳ ባህሬን በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ በየጁምዓውም ትደውልልን ነበር። ብርዱ በጀመረ ሰሞን ስልኳ ዝግ ሆነ። በመጀመሪያው ጁምዓ እናቴ «ካርድ አልቆባት ይሆናል» አለች። በሚቀጥለው ስልኩን ከእጇ ሳታወርድ አመሸች። ከዚያ በኋላ ሩዝ ትቀቅልና ሳትቀምሰው ድስቱ ውስጥ ይደርቃል። ስለ እሷ ለመጠየቅ የምንደውልበት ቢሮ ሁሉ ነገ ደውሉ ይለናል።

በዚያው ሰሞን የታሪክ አስተማሪያችን እያንዳንዳችን አንድ የደሴት አገር መርጠን ታሪኩንና የስሙን አመጣጥ እንድናቀርብ አዘዘን። ሌሎቹ በጃማይካና በጃፓን ሲሻሙ እኔ ባህሬንን ያዝኩ። አገሪቱን በቅደም ተከተል ካወቅኋት ሰዓዳን የማገኛት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ በረዶ የበላው ጫማዋን ሳታወልቅ «እስቲ ዛሬ ያነበብሽውን» ትለኛለች። እነግራታለሁ። በጥንት ዘመን ዲልሙን የምትባል የነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች፤ ግሪኮች ታይሎስ አሏት፤ ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ሕዝቧ ከባህር ወለል ዕንቁ እየለቀመ ይኖር ነበር። ባህሬን በዐረብኛ «ሁለት ባህር» ማለት ነው፤ ድሮ ደሴቷ ብቻ ሳትሆን ከፊቷ ያለው የዐረብ ጠረፍም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ሁለቱ ባህሮች የትኞቹ እንደሆኑ አዋቂዎቹ አልተስማሙም። እኔ የወደድኩት አንዱን ማብራሪያ ነው። በጨዋማው ባህር ሥር ጣፋጭ ውሃ የሚያፈልቁ ምንጮች ነበሩ፤ ዕንቁ ለቃሚዎቹ ጠልቀው በቆዳ ስልቻ እየቀዱ ይጠጡ ነበር።

እናቴ ለነጋዴዎቹም ለግሪኮቹም ደንታ አልነበራትም። ምንጮቹ ጋ ስደርስ ግን ቀና አለች።

«ከጨው ሥር?»

«አዎ እማ።»

«እንግዲያ ውሃ አታጣም።» ካርታውን ከእጄ ወስዳ ደሴቷን በአውራ ጣቷ ሸፈነቻት። «ይህችን በምታህል አገር ሰው እንዴት ይጠፋል? ብትጮህ ከዳር ዳር አይሰማም?»

እኔም ከዳር እስከ ዳር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነች መፈለግ ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሾፌሩ ጋሼ ሰይድ፣ ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማና ሁለት የመስጊድ ሽማግሌዎች በረዶው ላይ ቆመዋል። በእኛ ዘንድ ሰው ሽማግሌ ይዞ በማለዳ ከመጣ መርዶ ነው። እናቴ ከኋላዬ አየቻቸው። «ሰዓዳዬ! እህቴን!» እያለች ደረቷን መታች። እኔም አብሬያት ጮህኩ።

ጋሼ ሰይድ ከውጭ በሩን እየደበደቡ «ኧረ ዘሀራ! በአላህ፣ አልሞተችም!» ይላሉ። ማን ይስማቸው? እንደምንም በሩን ስከፍት እትዬ ፋጡማ ገብተው እናቴን አቀፏትና ባላቸው ላይ ዞሩ።

«ተሰብስበን አንሂድ አላልኩህም? ሺፍት ሳትገባ እንድረስባት አልክ፤ ይኸው ልታሳብዳት!»

ሰዓዳ በሕይወት ነበረች። አሠሪዎቿ ስልኳን ወስደው በሩን ቆልፈውባት ከርመው፣ ያለ ፓስፖርት አምልጣ እዚያው ባህሬን ያሉ ጋሼ ሰይድ የሚያውቋቸው ሴቶች ዘንድ ተጠግታለች። ጋሼ ሰይድ ደውለው ስልኩን ለእናቴ ሰጧት። እናቴ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ውሃ ትጠጫለሽ?» አለቻት።

ከወዲያ የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ምን እንደምል ጠፍቶኝ፣ ባህሩ ሥር ያሉትን ምንጮች አይታቸው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የምን ባህር፣ የኔ ልጅ?» አለች ሰዓዳ። «እዚህ ከመጣሁ ባህር አይቼ አላውቅም።»

ከብዙ ልመና በኋላ አገሯ ገብታለች። እናቴ ግን ዛሬም ጠዋት በር ሲንኳኳ ግድግዳ ትይዛለች።

ለኢሊያስ ስለ ሁለቱ ባህሮች ነገርኩት፤ ምንጮቹም ዛሬ በአብዛኛው መድረቃቸውን።

«ላኪ!» አለ፣ ዕድለኞች ናቸው ለማለት። «ሁሉም ሰው ቢች አለው ማለት ነው?»

«ባህሩ ዳር የማይደርስም አለ።»

«ለምን?»

ሰሌዳው ላይ ባህሩን ሣልኩ፤ ደሴቷን ሣልኩ፤ ደሴቷ ላይ አንድ ቤት ሣልኩ። በሩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ያንን በር ግን እንዴት እንደማስረዳ እስካሁን አላውቅም።