ያልተበላችው ንግሥት

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጅ ልጄ ከቤቴል ጋር ቼዝ ስንጫወት፣ ንግሥቷን ፈረሴ በሚበላት ቦታ አስቀመጠችልኝ። ተሳስታ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ተሸንፌ አንጀቷን በልቼው ነው። እጄ ወደ ፈረሱ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ጋሽ ዳንጊሶ ትዝ አሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ በቼዝ የሚደርስብኝ ያለ የማይመስለኝ ጉረኛ ነበርኩ። በሐይቅ ዳሯ ከተማችን መሃል አንድ አዳራሽ ውስጥ የክረምት ውድድር ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዳኛው እየጮኸ ነበር የሚናገረው። እስከ መጨረሻው ቀን ሁሉንም አሸንፌ አንደኛነቴ ተረጋግጧል። የመጨረሻ ተጋጣሚዬ ጋሽ ዳንጊሶ ግን በሁሉም ተሸንፈዋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ጨዋታውን የለመዱት በዚያው ዓመት ነው። ያን ቀን ከታቦር ኮረብታ በጭቃ ወርደው፣ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ሲገቡ ልጃቸውን ይዘው ነበር። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ በማግስቱ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል።

አዘንኩ። አባቱ ሲያሸንፉ አይቶ ይሂድ ብዬ፣ የተዘናጋሁ መስዬ ንግሥቴን ለፈረሳቸው አጋለጥኳት። ጋሽ ዳንጊሶ ንግሥቲቱን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። ከዚያ ዳር ያለ አንድ ወታደር በጣታቸው ገፋ አደረጉ።

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። «ኧረ ሰውዬው አያዩም!» አለ አንዱ። ልጁ አቀረቀረ። እሳቸው ግን ቀና እንዳሉ ተጫውተው ተሸነፉ፤ ተነስተውም ጨበጡኝ።

ዝናቡ ሲያባራ እኔንና ልጃቸውን ሐይቁ ዳር ወስደው የዓሣ ሾርባ ጋበዙን። ልጁ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ፣

«ጋሼ፣ ለምን አልበሏትም?» አልኳቸው።

«ላሰብክልኝ ተባረክ፣ ልጄ። ግን ነገ እሱ የሚሄድበት እኔ አልከተለውም። ተሸንፎ ቀና ማለትን ከማን ይማር?»

ዓይኔ እንባ ሲያቀር በሚጥሚጣው አሳበብኩ። እኔ ምጽዋት ነበር የሰጠኋቸው፤ ያውም ምንም የማይጎድልብኝን። አፈርኩ።

ልጁ ሲሰናበተኝ ጠጋ ብሎ፣ «አባዬ ንግሥቲቱን አይቷት ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አይተዋታል» አልኩት። ፊቱ በራ።

ከዓመታት በኋላ አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰ። በክራንች ከታቦር ሲወርድ አየው ነበር፤ አንገቱን አይደፋም።

እኔም እሑድ ዕለት ፈረሱን ተውኩና ዳር ያለ ወታደር ገፋሁ። «አያዬ እኮ ዓይኑ ደክሟል» ብላ ቤቴል ለእናቷ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። ጥቂት ቆይታ አሸነፈችኝ፤ ቀና ብዬ ጨበጥኳት።