የአርቪድ ሸሚዝ ጫፍ

ሌምፒ ላሕቲ ቂመኛ ናት። ሰው ከጀርባዋ እንዲህ ብሎ ቢያማት አይከፋትም፤ ራሷም አትክደውም። የሌላው ሰው ቂም ሆዱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሷ ግን ከመንደሩ በስተሰሜን፣ ጫካው መሃል ባለችው የአዳኞች ጎጆ ግድግዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው በሚስማር ተመትቶ ኖሯል።

የመዳብ ማዕድን ማውጫው ከተዘጋ ወዲህ ለዚያ አገር ሰው የቀረው ሐይቁ፣ እንጨቱና አጋዘኑ ነው። ታዲያ በጎጆዋ ውስጥ የቆየ ልማድ አለ፤ ተኩሶ አጋዘን ያመለጠው ሰው የሸሚዙ ጫፍ በመቀስ ይቆረጥና ስሙ ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጫፉ ያልተቆረጠበት የለም፤ ተሳስቆ ማለፍ ነው። የሌምፒ ባል የአርቪድ ቁራጭ ግን፣ ያ ቀይና ጥቁር ዳማ የሚመስል የሱፍ ጨርቅ፣ ከስሙ ሥር አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «ጥይቱን የሠራው ራሱ ነው።» ጽሕፈቱ የአደን ጓዱ የሌስተር ትሬቫሮው ነው።

አርቪድ በረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ዝምተኛና እጀ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ጠመንጃው አንዱን ተኩሶ ሌላውን ራሱ የሚያቀባብል ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ጨዋ ጥይት ይፈልጋል። በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ ተተኩሶ ያበጠ ቀለህ እንደገና ተሞልቶ ቢሰጡት ሰውየው በክንዱ ገፍቶ ያስገባዋል፤ ራሱ የሚያቀባብለው ግን ከባሩዱ ጢስ ግፊትና ከስፕሪንጉ በቀር ክንድ የለውም። ስለዚህ አርቪድ ያገለገለውን ቀለህ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፣ ባሩዱን ለዚያ ጠመንጃ የሚስማማውን መርጦ ይመዝናል፣ አናቱ ላይ ያለው እርሳስ ከጠመንጃው ካዝና ሲወጣ እንዳይንሸራተት አንገቱን ያጠብቅበታል። ከዚያ እያንዳንዱን ጥይት በብረት መለኪያ ውስጥ ይጥለዋል። በራሱ ክብደት ገብቶ በራሱ ክብደት ካልወጣ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። በመጨረሻም እርጥበት እንዳይገባው ቂጡን በሌምፒ ቀይ የጥፍር ቀለም ዙሪያውን ይቀባዋል።

«የኔ ጥፍር ባዶ ቀርቶ ጥይትህ አጊጦ ይሄዳል» ትለው ነበር።

«እሱ ነው እራት የሚያመጣው» ይላል፤ ከዚህ በላይም አይናገርም።

አንድ ዓመት፣ አደኑ በተከፈተ ዕለት፣ ያ አገር ሁሉ ሲያወራለት የከረመው ባለ ትልቅ ቀንድ አጋዘን አርቪድ ፊት ቆመ። የመጀመሪያው ጥይት ትከሻውን ላጥ አድርጎት አለፈ። ሁለተኛው ግን አልገባም፤ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ጠመንጃው ነከሰ። አርቪድ ሲታገል አጋዘኑ ሄደ። በማግሥቱ ሌስተር ገደለውና ጭንቅላቱን ጎጆው ውስጥ ሰቀለው፤ ከቀንዱ ሥርም የአርቪድን ሸሚዝ ጫፍ መታ። አጋዘኑ ባመለጠ ዕለት ማታ፣ ያ የነከሰው ጥይት ጎጆው ውስጥ በመከራ ሲላቀቅ ሌስተር «ስጠኝ ልጣልልህ» ብሎ እጁን ዘርግቶ ነበር። አርቪድ ግን ኪሱ ከተተው።

አርቪድን የጎዳው ሳቁ አይደለም። እጁ እንደከዳው ማመኑ ነው። የቀለህ መጭመቂያውን ጆንያ አለበሰው፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ጥይት ሳይሞላ ከጥቂት ዓመት በኋላ በልቡ ሕመም ሞተ። በቀብሩ ዕለት ሌስተር ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ «የገነቱም በር እንዳይነክስበት» ብሎ ሁለት ሰው አሳቀ። ሌምፒ ሰማችው።

ጆንያውን ያነሳችው በዚያው ክረምት ነው። ከመሳቢያው ጥግ ያቺን ጥይት አገኘቻት፤ ከአንገቷ ሥር የተጨፈለቀች፣ እርሳሷ የተጫጫረ። መለኪያው ውስጥ ብትጥላት ከአፉ ላይ ተገትራ ቀረች። አገላበጠቻት። ቂጧ ላይ ቀይ ቀለም የለም፤ የቀለም ምልክት እንኳ የለም። ጥይቷ የአርቪድ ሥራ አይደለችም። ሌምፒ እዚያው በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አጋዘኑ ባመለጠበት ዓመት ሌስተር በእጅ የሚቀባበል፣ ጥይቱ ከአርቪድ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጠመንጃ ነበረው፤ ቀለሁንም አንገቱን ብቻ ነበር የሚያጠብበው፣ ለራሱ ጠመንጃ ይበቃዋልና። በአደኑ ዋዜማ የሁለቱ የጥይት ሳጥን ጎጆው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ነበር ያደረው።

ይዛት ወደ ሌስተር ሮጣ ብትሄድ መልሱን ታውቀዋለች። ቀለሙ ለቆ ነው ይላታል፣ ባልሽ ረስቶት ነው ይላታል፣ የጎጆው ሰዎችም ይስቃሉ። ከሱ ከራሱ አፍ ካልወጣ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ጥይት መሙላት ተማረች። ቀለህ አበላሽታ ጣለች፣ እንደገና ጀመረች፤ ውሎ አድሮ የጎጆው ሰዎች ሁሉ ቀለሃቸውን ወደ ሌምፒ የሚያመጡ ሆኑ። የሷ ጥይት በማንም ላይ ነክሶ አያውቅም። ቂጡም ሁልጊዜ ቀይ ነው።

ሌስተር ትከሻው ታሞ በእጅ ማቀባበል ሲያቅተው እንደ አርቪድ ያለ፣ ራሱ የሚያቀባብል አውቶማቲክ ገዛ። በዚያ በጋ የቀለህ ከረጢት አንጠልጥሎ በሯ ላይ ቆመ።

«መቼም እኔን ትተሽ ለሌላው አትሞይም» አላት እየሳቀ።

«ለአንተማ አስበልጬ ነው የምሞላልህ» አለችው።

ቃሏንም ጠበቀች። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ለካችው፤ በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ጥይት ሠርታ አታውቅም። ሳጥኑን ከመክደኗ በፊት ያቺን ባለ ጭረቷን የድሮ ጥይት ከቀዮቹ ላይ አጋደመቻት። ሌላ ምንም አላደረገችም።

በኋላ የወንድሟ ልጅ ራልፍ እንደነገራት፣ ሌስተር አደኑ በተከፈተ ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍት ፊቱ አመድ መሰለ። ጥይቷን ቶሎ ኪሱ ወሸቃትና ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ «ትርፍ ጥይት የለህም?» ማለት ጀመረ። የሁሉም የሌምፒ ሥራ ነው። ሱቁ ሩቅ ነው፣ መንገዱን በረዶ ዘግቶታል። ምን ሆነህ ነው ብለው ቢጠይቁት ምን ይላል? የሌምፒን ጥይት ይዞ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ሌምፒ እንደየዓመቱ ሊጡን ድንችና ሥጋ ሞልታ የጋገረችውን ፓስቲ በጨርቅ ጠቅልላ ጎጆው ደረሰች። አዳኞቹ ገብተው ምድጃውን ከበው ነበር። ሌስተር መጨረሻ ላይ በሩን በርግዶ ገባ፤ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«አጋዘኑ ፊት ለፊቴ ቆመ። ቃታ ስቤ ዝም አለኝ። ይቺ ሴትዮ ጥይቴን አበላሽታዋለች!»

«ያክስቴ ጥይት በማን ላይ ነክሶ ያውቃል?» አለ ራልፍ። «ለምን ባንተ ላይ ብቻ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ባሏ ላይ ያደረግሁትን ይህን ሁሉ ዓመት ቋጥራ ይዛ ነው የመለሰችልኝ!»

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ሄይኪ ፓስቲውን ከአፉ መለሰ። «ባሏ ላይ ምን አደረግህ?»

ሌስተር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሌምፒ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ንገራቸው እንጂ» አለችው። «ኪስህ ውስጥ ያለችውን አውጣና ንገራቸው።»

«ጨዋታ ነበር» አለ ሌስተር፤ ድምፁ ሞተ። «አንዷን ጥይት ብቻ ነው በኔ የቀየርኩት። አጋዘኑ ለሱ እንደሚወጣ እኔ በምን አውቃለሁ?»

ሄይኪ የሌስተርን ጠመንጃ አንስቶ ውጭ ወጣ፤ ሁሉም ተከተሉት። ማቀባበያውን ሳበና ጥይቱን አውጥቶ በመዳፉ ላይ አገላበጠው፤ የጠመንጃው መርፌ ቂጡን እንኳ አልነካውም።

«ሌስተር፣ ማቀባበያውን ስበህ አይተሃል?»

«በትክክል መግባቱን ልይ ብዬ ነው።»

«ከዚያስ አጋዘን እንዳይሰማ ብለህ ቀስ አድርገህ በእጅህ መለስከው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ሳይዘጋ ነዋ የቀረው። ይሄ በኃይል ካልተለቀቀ አይዘጋም። ስንት ጊዜ አየኸው?»

ሌስተር መሬት መሬት አየ። ራልፍ ሣቁን አፈነ፤ ሲነጋጋ ጀምሮ ከማዶው ኮረብታ ሆኖ ሲያየው፣ ሰውየው ያን ማቀባበያ ሲጎትትና ሲመልስ ነበር ያረፈደው።

ሄይኪ ካዝናውን ሞላና ማቀባበያውን ለቀቀው፤ ጯ ብሎ ተዘጋ። ከጎጆው ጀርባ ወዳለው የአሸዋ ግድብ አነጣጥሮ ካዝናው እስኪያልቅ ተኮሰ። አንዱ አንዱን እየተካ ያለ ማመንታት ወጣ። ትኩስ ቀለሆቹ በረዶው ላይ እየወደቁ፣ ቀዳዳ እያበጁ ሰመጡ።

«ጥይቱ ምንም የለበትም» አለ ሄይኪ። «መቀሱን አምጡ።»

መቀሱን ሌምፒ ተቀበለች። ሌስተር ጀርባውን ሰጣት። ጫፉን ብቻ አልቆረጠችም፤ ከወገብ ጀምራ እስከ ትከሻው ሸረከተችው፣ ማንም አልከለከላትም። ከዚያ ጎጆው ገብታ የአርቪድን ቁራጭ በገዛ እጇ ነቀለች፣ በሚስማሩም ላይ የሌስተርን መታች። ከሥሩ ምን ይጻፍ ሲሏት «ስሙ ይበቃዋል» አለች።

የአርቪድ ሸሚዝ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ጫፉን መልሳ ሰፋችው፤ የዛገ የሚስማር ቀዳዳውን አልደፈነችውም። አሁን አደን ሲከፈት ያንን ለብሳ ነው ፓስቲ የምታደርሰው። አርቪድ ግን ያን ቀን የተባለውን አልሰማም። እጁ ምንም እንዳልበደለ ሳያውቅ ነው የሞተው። እዚህ ላይ ስትደርስ የመለሰችው ብድር ሁሉ ትንሽ ይሆንባታል፣ ቁጣዋም እንደ አዲስ ይነሳል።

ስለዚህ ይቅር አላለችውም። ሄይኪ ወይ የሌምፒን ጥይት ትተኩሳለህ ወይ ጎጆውን ትለቃለህ ብሎ ስለፈረደበት፣ ሌስተር በየበጋው ቀለሁን ይዞ በሯን ያንኳኳል። መጀመሪያ ያቺን ባለ ጭረቷን ጥይት ከኪሱ አውጥቶ በእጇ ላይ ያስቀምጣል። እሷም ያማረ ጥይት ትሞላለታለች፣ ሁለት ጊዜ ትለካዋለች፣ ቂጡን በቀይ ትቀባዋለች። ሳጥኑን ከመክደኗ በፊትም ያቺኑ ጥይት መልሳ ከላይ ታጋድምለታለች።